ደም የሚያቆመው የዩናን ሥር ከጓያ ጋር ምን ያዛምደዋል?

እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ከቆረጣት መጀመሪያ የምትጠራው የቡና ዱቄቱን ነው። ቆንጠር ታደርግና ቁስሉ ላይ ትነሰንሳለች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጥብቅ አድርጋ ይዛ በሌላው እጇ ወጧን ታማስላለች። ደሙን የሚያቆመው ቡናው ሳይሆን አያያዝሽ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያታለሁ። «እሺ፣ ያንተ ይሁን» ትለኝና መነስነሷን ትቀጥላለች።

ሰሞኑን ግን የቡናው ቦታ ተቀናቃኝ መጣበት። ለንግድ ጓንዡ የሚመላለሰው የአክስቴ ልጅ አንዲት ትንሽ የዱቄት ብልቃጥ አመጣላት። «ሳንቺ ያለበት ነው፣ ደም ያቆማል፤ የቻይና ወታደር ያለሱ አይዘምትም» አላት። ወሬው ጎረቤት ደረሰ። አምና ስትሮክ መትቷቸው እስካሁን በየቀኑ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱት ጎረቤታችን መጡና «ይኸው ሳንቺ የሚባለው ነገር ለስትሮክ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ልጀምረው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

አንደኛው ደም ያቆማል አለ፣ ሌላኛው የረጋ ደም ይከፍታል አሉ። የሚገርመው ሁለቱም ከሜዳ ተነሥተው አላወሩም። ይህ ጽሑፍ ያ እንዴት ሊሆን እንደቻለ፣ ደግሞም አንድ የቻይና ሥር ከኛው ጓያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ሳንቺ ምንድን ነው?

ሳንቺ ጂንሰንግ የሚባለው የታወቀ የእስያ መድኃኒት ሥር የሥጋ ዘመድ ነው። የሳይንስ ስሙ ፓናክስ ኖቶጂንሰንግ ይባላል። ጥላ የሚወድ፣ ጉልበት አካባቢ የሚደርስ ትንሽ ተክል ሲሆን አናቱ ላይ ቀያይ ፍሬ ያወጣል። ለመድኃኒት በዋናነት የሚፈለገው ሥሩ ነው። ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር፣ ከቬትናም ድንበር አጠገብ ባለው የዌንሻን አካባቢ ነው። ዡዋንግና ሚያው የሚባሉ ሕዝቦች የሚኖሩበት ደጋማ አገር ነው።

«ሳንቺ» በቻይንኛ «ሦስት፣ ሰባት» ማለት ነው። ለምን እንዲህ ተባለ ለሚለው መልሱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፍ ላይ ሰባት ሰባት ቅጠል ስለሚያወጣ ይላል፤ አንዳንዱ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ መቆየት ስላለበት ይላል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረውና የቻይናን የመድኃኒት ዕውቀት በአንድ ግዙፍ መጽሐፍ የሰበሰበው ሐኪም ሊ ሺዠን በዘመኑ «ግራው ሦስት፣ ቀኙ አራት ቅጠል ስላለው ነው» ሲባል ሰምቶ አላመነም። ለእሱ የቀረበው ማብራሪያ ሌላ ነበር፦ የጥንት ስሙ «ሻንቺ» ማለትም «የተራራ ሙጫ» ነው፤ ሙጫ እንጨትን እንደሚያጣብቅ የስለት ቁስልን ስለሚያጣብቅ። ሌላ ስምም መዝግቦለታል፦ «በወርቅ የማይለወጥ»።

ሥሩን በእጅ ሲይዙት ግን ወርቅ አይመስልም። አውራ ጣት የሚያህል፣ ጉጥ በጉጥ የሆነ፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነገር ነው፤ ላላወቀው ከመንገድ የተነሣ ጠጠር ይመስለዋል። ነጋዴዎቹ «የመዳብ ቆዳ፣ የብረት አጥንት» ይሉታል፤ ጥሩ ደርቆ ሲገኝ ቢላ አይበግረውምና ሙቀጫ ውስጥ ከትቶ መውቀጥ ግድ ነው። ሲሰበር ውስጡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነው። ምላስ ላይ መጀመሪያ ይመራል፣ ቆይቶ ይጣፍጣል። ዋጋው የሚቆረጠው «በራስ» ነው፤ ግማሽ ኪሎ ለመሙላት 20 ሥር ከበቃ «ባለ 20 ራስ» ይባላል፣ 120 ሥር ካስፈለገ «ባለ 120 ራስ»። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሥሩ ትልቅ፣ ዋጋውም ውድ ነው። ይህንን ያላወቀ ገዢ «120 ይሻላል» ብሎ ትንሹን በትልቅ ዋጋ ሊገዛ ይችላል።

የአዝመራው ነገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ተክሉ ፀሐይ ስለሚጎዳው ማሳው በሙሉ በጥቁር መረብ ይሸፈናል። ከዘር እስከ ቁፋሮ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ሳንቺ የበቀለበት መሬት ሁለተኛ አለመቀበሉ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ በሚቀሩ ኬሚካሎችና ሥር በሚያበሰብሱ ሻጋታዎች ምክንያት ለብዙ ዓመታት ካላረፈ በቀር አዲሱ ችግኝ ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው መሬት እየተከራየ ከወረዳ ወረዳ ይሰደዳል።

ለመሆኑ ደም ራሱ እንዴት ይቆማል?

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይገባዋል። ጭቃ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ይረግፋል። የጤፍ ጭድ ሲቀላቀልበት ነው የሚይዘው። ደማችን ውስጥም ጭቃም ጭድም አለ። የደም ሥር ሲቀደድ መጀመሪያ ሥሩ ራሱ ይኮማተራል። ቀጥሎ ፕሌትሌት የሚባሉ ትንንሽ የደም ሕዋሳት ተግተልትለው መጥተው ቀዳዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ እነሱ ጭቃው ናቸው። በመጨረሻ ፋይብሪን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን በመካከላቸው ይጠላለፍና ያጠነክራቸዋል፤ እሱ ጭዱ ነው። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ሰውነት ምርጉን ራሱ ያፈርሰዋል።

ደም የሚያቆም መድኃኒት ከእነዚህ አንዱን ያግዛል፦ ጭቃውን ያበረታል፣ ጭዱን ያበዛል፣ ወይም ምርጉ ቶሎ እንዳይፈርስ ይከላከላል። ምርጉ በማይፈለግበት ቦታ፣ ለምሳሌ አንጎል ውስጥ ባለ የደም ሥር ላይ ከተሠራ ደግሞ ስትሮክ ያመጣል። የጎረቤታችን ደም ማቅጠኛ ሥራው ይህን መከልከል ነው።

ጓያ እዚህ ውስጥ ምን ዶለው?

እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ውስጥ አንድ መርዛም አሚኖ አሲድ ለዩ። አጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል። ጓያን ለወራት ያለ ሌላ እህል የበላ ሰው እግሩ የሚተሳሰረው በዚህ ነገር ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቶ ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሳንቺን ደም የሚያቆም ያደረገው ምን እንደሆነ ሲያበጥሩ ከሥሩ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር አወጡ። ስሙን ዴንሲቺን አሉት። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አንድ ሆነው ተገኙ። ይመሳሰላሉ፣ ይቀራረባሉ ማለቴ አይደለም፤ ራሱ ያው ሞለኪዩል ነው። ዩናን ውስጥ መድኃኒት የሚባለው፣ ደምቢያና ወሎ ውስጥ ሰው የሚያሽመደምደው።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ነበር ያነበብኩት።

አሠራሩን ለመረዳት ግሉታሜት የሚባለውን ማወቅ ይጠቅማል። ግሉታሜት ነርቭ ለነርቭ የሚላላክበት መልእክተኛ ነው፤ የነርቩን በር ያንኳኳል፣ በሩ ይከፈታል፣ መልእክቱን አድርሶ ይሄዳል፣ በሩ ይዘጋል። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል። እሱም በሩን ይከፍተዋል፤ ግን እንደ ባለቤቱ ዘግቶ አይሄድም። በሩ ክፍት ሆኖ የቆየበት ነርቭ ከመጠን በላይ ይሠራል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻ ይሞታል። እግር የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች በዚህ ይጎዳሉ። ታማሚው ጉልበቱ ይገትራል፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል፤ መጀመሪያ አንድ ከዘራ፣ ሲብስ ሁለት። የተጎዳው አይመለስም።

ይህ ለእኛ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ጤፉም ገብሱም ሲጠፋ ማሳ ላይ የሚቀረው ጓያ ነው፤ ጭንጫም ረግረግም አይመርጥም። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ወሎ ውስጥ በድላንታ ዳውንት አካባቢ የተነሣው ወረርሽኝ በዓለም የሕክምና መጽሔት ላይ ሳይቀር ተመዝግቧል። በሽታው የሚበረታው ወጣት ወንዶች ላይ እንደሆነ ተደጋግሞ ተስተውሏል።

ታዲያ ይኸው ነገር ደም ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል? በላቦራቶሪ የተደረጉ ጥናቶች ፕሌትሌቶችም ገላቸው ላይ የግሉታሜት በር እንዳላቸው አሳይተዋል። ዴንሲቺን ያንን በር ሲያንኳኳ ፕሌትሌቶቹ ይነቃሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ቅድም ባልነው ምሳሌ ጭቃው ቶሎ ይሰበሰባል። ነርቭን በማድከም የሚገድለው ቁልፍ ፕሌትሌትን ለሥራ ይጠራል ማለት ነው።

ያው ከሆነ ሳንቺ የሚወስድ ሰው እግሩ ለምን አይተሳሰርም?

ልዩነቱ ያለው ሰሐኑ ላይ ነው። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ የሳንቺን ዱቄት በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም እንዲዋጥ ይፈቅዳል፤ ተቀቅሎ ከተጠጣ ከ3 እስከ 9 ግራም። ለስሌት ያህል ሁለቱም፣ ሥሩም ፍሬውም፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ኦዳፕ አላቸው እንበል። 3 ግራም ሳንቺ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። በችግር ቀን 300 ግራም ጓያ በቂጣም በሽሮም በንፍሮም የበላ ሰው 1,500 ሚሊ ግራም ይወስዳል። መቶ እጥፍ ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ለወራት፣ በተራበ ገላ ላይ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ጓያ የምግቡን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ነው። አልፎ አልፎ የጓያ ቆሎ የቆረጠመ ሰው ምንም እንደማይሆን ሁሉ ለጥቂት ቀን ሳንቺ የዋጠም አይሽመደመድም።

ሁለተኛው ምክንያት እሳት ነው። ኦዳፕ ሙቀት አይችልም፤ ሲቀቀል ከፊሉ መርዝነቱ ወደሚያንስ ቅርጽ ይለወጣል፣ ከፊሉም ይፈርሳል። በውኃም ይሟሟል። እናቶቻችን ጓያውን ዘፍዝፈው የዘፈዘፉበትን ውኃ የሚደፉት ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ዩናኖችም ሳንቺን በተመለከተ የቆየ አባባል አላቸው፤ ሐሳቡ ጥሬው ደምን ይገራል፣ የበሰለው ሰውን ይጠግናል የሚል ነው። ጥሬ ዱቄቱን ለቁስልና ለደም ያደርጉታል፤ የበሰለውን ደግሞ ከዶሮ ጋር መካከሉ ጭስ ማውጫ መሳይ ባለው የሸክላ ድስት በእንፋሎት አብስለው ለአራስና ለደካማ ያበሉታል። ዴንሲቺን በሙቀት እንደሚጠፋ የታወቀው ያ አባባል ብዙ ዘመን ካስቆጠረ በኋላ ነው።

ደም የሚያቆም ነገር ስትሮክን እንዴት ያክማል?

አሁን ወደ ጎረቤታችን ጥያቄ እንመለስ። ሊ ሺዠን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1578 ሲጨርስ ስለ ሳንቺ ሁለት ነገር ጽፎ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ላነበባቸው ግራ ያጋባሉ። አንደኛው የደቡብ ሰዎች በጦርነት ለስለት ቁስል እንደሚጠቀሙበትና ድንቅ ውጤት እንዳለው ነው። ሁለተኛው ትክክለኛውን ሳንቺ ከአስመሳይ መለያ ዘዴ ነው፦ ዱቄቱን የአሳማ ደም ላይ ጨምረው፤ ደሙ ወደ ውኃነት ከተለወጠ እውነተኛው እሱ ነው። ልብ በሉ፤ ደም አቁም የተባለው መድኃኒት ፈተናው የረጋ ደም ማሟሟት ነበር።

የቻይና ባህላዊ ሐኪም ይህ ቅራኔ አይታየውም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቱቦ ሲደፈን የሚሆነውን አስቡት። ውኃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ያጥለቀልቃል። ጎርፉን ለማቆም መንገዱ ላይ አሸዋ መከመር አንድ ነገር ነው፤ ቱቦውን መክፈት ሌላ። በእነሱ አስተሳሰብ አንዳንዱ መድማት የሚመጣው ደም ውስጥ ውስጡን ስለታቆረ ነው፤ ሳንቺም የታቆረውን ከፍቶ መፍሰሱን ያስቆማል። ሌሎች ደም አቁም ቅጠሎች ካቆሙ በኋላ የረጋ ደም ይተዋሉ፣ ሳንቺ አይተውም ብለው ያወድሱታል።

ይህ የእነሱ ቋንቋ ነው። የኬሚስትሪው ማብራሪያ ደግሞ ሥሩ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ሠራተኛ እንዳለ ይናገራል። አንዱ ያየነው ዴንሲቺን ነው፤ ፕሌትሌት ይሰበስባል። ሌላው ሳፖኒን የሚባሉ፣ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጡ እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮች ቡድን ነው። እነዚህ በተቃራኒው ፕሌትሌት እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ፣ የደም ሥርን ያላላሉ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው አዘገጃጀቱ ነው። ጥሬ ዱቄት ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሥሩ ሲበስል ዴንሲቺኑ ይሄዳል፣ ሳፖኒኑ ይቀራል። ፋብሪካ ውስጥ ሳፖኒኑ ብቻ ተጣርቶ ሲወጣ ደግሞ ደም የሚያቆመው ክፍል ከነጭራሹ የለም። «ሹዌሳይቶንግ» የሚባለው፣ በቻይና ሆስፒታሎች ለስትሮክ የሚሰጠው መድኃኒት ከዚህኛው ወገን ነው፤ ስሙ ራሱ የተደፈነ ደም የሚያስኬድ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የቻይናው የመድኃኒት መዝገብ ጥሩ ሳንቺ ለመባል የሚጠይቀው ሦስት ዋና ዋና ሳፖኒኖች ተደምረው ከመቶ 5 እጅ እንዳያንሱ ነው። የዴንሲቺን መጠን አይጠየቅም። ስለዚህ ደም ያቆምልኛል ብሎ ደረጃውን የጠበቀ ዱቄት የገዛ ሰው ማኅተሙ የሚያረጋግጥለት የሌላኛውን ሠራተኛ መኖር ነው።

በሰው ላይ ተሞክሮ ምን ተገኘ?

በሳፖኒኑ በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ የቻይና ጥናት አለ። መለስተኛና መካከለኛ ስትሮክ ያጋጠማቸው ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች በ67 የሕክምና ተቋማት ተሳትፈዋል። ገሚሱ ከመደበኛው ሕክምና ጋር የሹዌሳይቶንግ እንክብል፣ ገሚሱ ባዶ እንክብል ወሰደ። ከሦስት ወር በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ ኑሯቸውን የሚመሩት ከወሰዱት ውስጥ 89 በመቶ፣ ካልወሰዱት 82 በመቶ ያህል ሆኑ። ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም። ነገር ግን በቻይና ብቻ የተደረገ ነው፤ የተሰጠውም የተጣራ የፋብሪካ እንክብል እንጂ ከገበያ የተገዛ የሥር ዱቄት አልነበረም።

ደም በማቆሙ በኩል ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው። ከእንስሳት ሙከራ፣ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ካሉባቸው የቀዶ ሕክምና ጥናቶች ብዙ አይዘልም። የመንጋጋ አጥንት ቀዶ ሕክምና ላይ የፈሰሰው ደም ቀንሷል ያለ ጥናት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች እበጥ ደምቶባቸው ለሚሰቃዩ ውሾች ይሰጡታል፣ ውጤቱ ግን አከራካሪ ነው። ይህን ከትራኔክሳሚክ አሲድ ጋር አወዳድሩት። እሱ ምርጉ ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣው አንዱ ጥናት ብቻ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች አሳትፎ ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄትስ?

የአክስቴ ልጅ ያመጣው ሳንቺ ብቻውን አልነበረም፤ «ዩናን ባይያው» የሚባለው፣ «የዩናን ነጭ መድኃኒት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቹ ኋንዣንግ የሚባል የዩናን ሐኪም ቀመመው ይባላል። በ1938 ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት የዩናን ወታደሮች ይዘውት በመዝመታቸው ስሙ ገነነ፤ የአክስቴ ልጅ የሰማው የወታደር ወሬ ምንጩ ይኸው ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በ1955 ቀመሩን ለመንግሥት አስረከበች፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ምስጢር ሆነ። ሳንቺ እንዳለበት ሁሉ ያውቃል። የቀረው ለብዙ ዘመን አልተነገረም።

ምስጢሩ ግን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 የሆንግ ኮንግ ጤና መሥሪያ ቤት በዩናን ባይያው ምርቶች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የአኮናይት መርዝ ስላገኘ ምርቶቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። አኮናይት በትክክል ካልተዘጋጀ የልብን ምት የሚያዛባ ሥር ነው፤ መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ያደነዝዛል። ኩባንያው በኋላ በማሸጊያው ላይ መኖሩን መግለጽ ጀመረ። እያንዳንዱ ብልቃጥ ጥጥ ውስጥ የተቀበረች አንዲት ትንሽ ቀይ ክኒን አለችው፤ «የዋስትና ክኒን» ትባላለች፣ ለከባድ ጉዳት ብቻ የታሰበች ናት። እናቴ ለጌጥ የተቀመጠች መስሏት ጠረጴዛ ላይ አውጥታት ነበር። የልጅ ልጆቿ ከረሜላ መስሏቸው ሳያነሷት ደርሼ ወሰድኳት።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። ኩባንያው የድድ መድማት የሚያቆም የጥርስ ሳሙና ይሸጣል፤ ቻይና ውስጥ ከሁሉ በላይ ከሚሸጡት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሐኪም የማሸጊያውን ጽሑፍ አስተውሎ ቢያነብ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚል አገኘ፤ ቅድም ያልነው የፋብሪካው መድኃኒት። የተከለከለ ነገር አይደለም፣ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ኩባንያውም ይህንኑ ተናገረ። ቢሆንም ለድዱ መዳን ምስጢሩን ቀመር ሲያመሰግን የኖረው ሰው ብዙ ነበር።

ስሙን የለበሰው ሌላ ተክል

ሳንቺን በተመለከተ ሰው የሞተባቸው ታሪኮች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሳንቺ ራሱ ያደረሰው ጉዳት አይደሉም። «ቱሳንቺ» የሚባል ተክል አለ፣ «የአገሬው ሳንቺ» እንደማለት ነው። ዘሩ ከሱፍና ከኑግ ቤተሰብ እንጂ ከጂንሰንግ አይገናኝም፤ እሱም ለውልቃትና ለደም ስለሚባል፣ በጓሮም በቀላሉ ስለሚበቅል ሰዎች እያፈሉ ይጠጡታል። ውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለ። በእሱ ምክንያት ጉበት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም መተላለፊያዎች ያብጡና ይደፈናሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ሆድ በውኃ ይነፋል፣ ቀኝ ጎን ይወጋል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ቻይና ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ የጉበት ሕመም ዋናው መንስኤ ይኸው ተክል ነው።

ይህም መርዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ አንድ መንደር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ መሞት ጀመሩ። መንስኤው ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በመጨረሻ ጣቱ የተቀሰረው ማሳ ውስጥ ከእህሉ ጋር የሚበቅል አረም ላይ ሆነ፤ ፍሬው ከእህሉ ጋር እየታጨደ፣ እየተፈጨ፣ እየተጋገረ ይበላ ነበር። መርዙ ከቱሳንቺ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው።

ተቆራርጦ የደረቀ ሥር ወይም የተፈጨ ዱቄት ሲሆን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሁለቱን በዓይን አይለይም። ገበያ ላይ የእርድ ዘመድ የሆነ ሌላ ሥር በቢላ ጉጥ ተቀርጾለት በሳንቺ ስም የሚሸጥበት ጊዜም አለ።

ብልቃጡ ቤትዎ ካለስ?

የሚደማ ቁስል ሲያጋጥም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጅ ወይም እግር ከሆነ ከፍ ማድረግ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መያዝ። ዱቄት፣ ቡናም ይሁን ሳንቺ፣ ቁስል ውስጥ ገብቶ ሐኪሙን ማጠብ ያበዛበታል። ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም ነው። ከውስጥ የሚመጣ ደም፣ በሳልም በሰገራም በወሊድም፣ በዱቄት የሚያዘገዩት ነገር አይደለም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ዋርፋሪንም ይሁን አስፕሪን፣ ሳንቺን ከሐኪሙ ሳይመክር መጨመር የለበትም። በሁለት በኩል የሚሠራ ነገር ነውና የሐኪሙን ስሌት በየትኛው ወገን እንደሚያፋልስ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። እርጉዝ ሴቶችን በተመለከተ የቻይናው መዝገብ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ የሚወስደውን ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ «መድኃኒት አይደለም፣ ሥር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ሰምተው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «እና ጓያ ነው በለኛ» አሉኝ። ሊሸኙ ሲነሡ የክትትል ካርዳቸውን አውጥተው ሐሙስ ሐኪማቸው ጋ ሲሄዱ እንዳይረሱት ስሙን ከጀርባው ጻፍልኝ አሉኝና «ሳንቺ» ብዬ ጻፍኩላቸው።